ስለ እጅ ቦርሳ ምርመራ፤ እውነተኛው ከሐሰተኛው የሚለይበት ብልኃት

አባቶቻችን በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ይገበያዩ በነበረበት ዘመን፥ አስተዋይ ነጋዴ ብሩን እንደ ተቀበለ ወዲያው ወደ ከረጢቱ አይከተውም ነበር። አስቀድሞ ወደ ብርሃን አቅርቦ የንግሥቲቱን መልክ ይመለከታል፤ ቀጥሎም በትከሻዋ ጌጥ ላይ የተደረደሩትን 9 ሉሎች ይቈጥራል፤ ፊቱ ያለቀ ወይም ሉሉ የማይታይ የሆነ እንደ ሆነ ለባለቤቱ ይመልስለታል። ባለ ብሩም ምንም የተከበረ ሰው ቢሆን በዚህ ነገር አይቈጣም ነበር፤ የሚመረመረው ብሩ እንጂ ሰውዬው አይደለምና።

ይህን የቀድሞ ነገር ያነሣነው አንዲት ወይዘሮ ስላመጡልን ጉዳይ ነው። ልጃቸው በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ትኖራለች፤ ለፋሲካ በዓልም ሉዊ ቪቶን ከሚባለው ከታወቀው የፈረንሳይ ቤት ሥራ አንድ የእጅ ቦርሳ ልካላቸው ነበር። ወይዘሮዋም ቦርሳውን ይዘው ወደ አንድ ሰርግ ሄዱ። በዚያም አንዲት እንግዳ ቦርሳውን አንሥታ ካገላበጠች በኋላ፥ በማዕድ የተቀመጡት ሁሉ እየሰሙ፥ «እትዬ፥ ይህስ ፎርጅድ ነው፤ በጀርባው ያለው ምልክት ተዘቅዝቋል። ደግሞስ የፈረንሳይ ዕቃ ‹አሜሪካ ተሠራ› የሚል ጽሕፈት ምን ሊያደርግለት ነው?» አለቻቸው። ወይዘሮዋ ፈገግ ብለው ዝም አሉ፤ ከቤታቸው ሲገቡ ግን ቦርሳውን በነጠላ ጠቅልለው ከሣጥን አኖሩት። ሦስት ወር ሙሉ ሳያወጡት ቀሩ። ልጂቱም በስልክ፥ «እማዬ፥ ቦርሳውን አልወደድሽውም ይሆን? በፎቶግራፍ አላየሁሽም» እያለች ትጠይቃለች፤ እናት ግን መልስ ያጣሉ። ልጄ ተታላለች ወይስ ልጄ እኔን አታለለችኝ የሚል አሳብ በልባቸው ገብቷልና።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንመርምረው። የምንጠቅሰው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ያስተውሉልን።

ሉዊ ቪቶን በ1821 ዓ.ም. ዡራ በሚባለው በፈረንሳይ ተራራማ አውራጃ ተወለደ። ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ከቤቱ ወጥቶ በእግሩ ወደ ፓሪስ ጕዞ ጀመረ፤ በየመንገዱም ያገኘውን ሥራ እየሠራ በ1837 ዓ.ም. ከተማይቱ ደረሰ። በዚያም የመንገደኛ ሣጥን ከሚሠራ ባለሙያ ዘንድ ገብቶ ጥበቡን ተማረ፤ በ1854 ዓ.ም. የራሱን ሱቅ ከፈተ። በዚያ ዘመን የመንገደኛ ሣጥን ክዳኑ ጐባጣ ስለ ነበረ አንዱን በአንዱ ላይ ለመደርደር አይመችም ነበር። እርሱ ግን በ1858 ዓ.ም. ክዳኑ ጠፍጣፋ የሆነ፥ ግራጫ ሸራ የለበሰ ቀላል ሣጥን ሠራ። ጊዜውም የባቡርና የመርከብ ጕዞ የሚበረታበት ጊዜ ነበርና ሣጥኑ እጅግ ተወደደ።

ዳሩ ግን የተወደደ ነገር ሁሉ አስመሳይ አያጣም። ሌሎች ሠራተኞች ግራጫውን ሸራ ወዲያው አስመስለው መሥራት ጀመሩ። ቪቶን በ1872 ዓ.ም. ሸራውን ወደ ባለ መስመር ለወጠው፤ ያም ተቀዳ። በ1888 ዓ.ም. የዳማ ገበታ የሚመስል ሸራ አወጣ፤ በውስጡም ምልክቱ በሕግ የተመዘገበ መሆኑን የሚናገር ጽሕፈት አስገባበት። ሉዊ ቪቶን በ1892 ዓ.ም. ሞተ። ልጁ ዦርዥ ቪቶን ደግሞ በ1896 ዓ.ም. የአባቱን ስም መጀመሪያ ፊደሎች ኤልንና ቪን አጠላልፎ፥ በመካከላቸውም አበቦችን አስገብቶ፥ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ሥዕል ፈጠረ። እንግዲህ ይህ ምልክት አስመሳዮችን ለመከልከል የተፈጠረ ሆኖ ሳለ፥ በዓለም እጅግ ከሚቀዱት ምልክቶች አንዱ ሆኖ መገኘቱ የሚያስገርም ነው።

ከዚህም ታሪክ አንድ ትምህርት እናገኛለን። ምልክት ለዐይን ስለሚታይ፥ ሌባ አስቀድሞ የሚሰርቀው እርሱን ነው። በጨርቅ ላይ ሁለት ፊደል ማተም ለማንም አይቸግርም፤ የሚቸግረው ጥሩ ቆዳ ማግኘት፥ ስፌቱን ማስተካከል፥ ናሱን ማንጠር ነው፤ ይህ ገንዘብም ጊዜም የተማረ እጅም ይጠይቃልና። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅትና የአውሮጳ ኅብረት የአእምሮ ንብረት ጽሕፈት ቤት በአንድነት ባወጡት ጥናት፥ በ2019 ዓ.ም. በአገርና በአገር መካከል የተነገደው ሐሰተኛ ዕቃ እስከ 464 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚደርስ ገምተዋል፤ ይህም ከዓለም ንግድ 2.5 ከመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ቦርሳ የሚመረምር ሰው ምልክቱን አይቶ አይርካ፤ ወደ ሥራው ይመልከት። «ልብ ካላየ ዐይን አያይም» እንደ ተባለው ነው። የምርመራውም ተራ እነሆ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ሸራው። ብዙ ሰዎች ባለ ምልክቱ ቡናማ አካል ቆዳ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ውሃ እንዳያስገባ በላዩ የተለበጠ ሸራ ነው። ሻጩ «ይህ ሁሉ ንጹሕ ቆዳ ነው» ብሎ የማለ እንደ ሆነ ወይ ዕቃውን አያውቅም፥ ወይም አያምኑትም። የሥዕሉም አቀማመጥ ይታይ፤ በእውነተኛው ቦርሳ ፊት በግራና በቀኝ ያለው ሥዕል እኩል ተመዛዝኖ ይገኛል። በሐሰተኛው ግን ሸራ ለመቈጠብ ሲባል ምልክቱ ወደ አንድ ወገን ሊያዘነብል ይችላል።

እንግዳዋ ስለ ነቀፈችው ስለ ተዘቀዘቀው ምልክት በዚህ ስፍራ መናገር ይገባናል። ወይዘሮዋ ያመጡት ቦርሳ ስፒዲ የሚባለው ነው፤ ይህም ዓይነት ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀ ነው። አካሉ የሚቈረጠው ከአንድ ወጥ ሸራ ነው፤ ሸራው ከፊት ወደ ታች ይወርዳል፥ በሥሩ ታጥፎ ወደ ጀርባ ይወጣል። ሥዕል ያለበትን ጨርቅ በገመድ ላይ አጥፈው ቢያሰጡት ባንዱ ወገን ሥዕሉ ቀጥ ብሎ፥ በሌላው ወገን ተዘቅዝቆ ይታያል። የዚህም ነገር እንዲሁ ነው። ስለዚህ በስፒዲ ጀርባ ምልክቱ ተዘቅዝቆ መገኘቱ ነውር አይደለም፤ ከአንድ ወጥ ሸራ በተሠራው በዚህ ዓይነት ላይ በሁለቱም ወገን ቀጥ ብሎ ቢገኝ ይልቁን ያጠራጥራል። በሥሩ ስፌት ያላቸው ሌሎች ዓይነቶች ግን በሁለቱም ወገን ቀጥ ሊሉ ይችላሉ። ከዚህ የተነሣ የቦርሳውን ዓይነት ሳያውቁ መፍረድ አይገባም።

ሁለተኛ፥ ቆዳው። እጀታውና ጠርዙ የሚሠራው ቀለም ካልተቀባ የከብት ቆዳ ነው። አዲስ ሲሆን ነጣ ያለ ነው፤ እየዋለ እያደረ ከፀሓይና ከእጅ ወዝ የተነሣ ወደ ማር መልክ ይለወጣል፤ የውሃ ጠብታም ያረፈበት እንደ ሆነ ምልክት ይይዛል። እንግዲህ አሮጌ ነው ተብሎ የሚሸጥ ቦርሳ እጀታው እንደ ወረቀት ነጭ ሆኖ ቢገኝ፥ ቆዳው የተለወጠ ወይም ቆዳ ያልሆነ ነገር እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛ፥ ስፌቱ። ክሩ ሰም የነካው ብጫ መልክ ያለው ነው፤ መርፌው የወጋበትም ርቀት ከዳር እስከ ዳር አንድ ይሆናል። በአንዱ እጀታ ሥር ያሉትን ስፌቶች ቈጥረው ከሌላው ጋራ ያስተያዩ፤ በጥሩ ሥራ ቍጥሩ እኩል ነው። የተንጠለጠለ ክር፥ የተደራረበ ስፌት፥ ከመስመር የወጣ ቀዳዳ በዚህ ዋጋ በሚሸጥ ዕቃ ላይ አይጠበቅም።

የስፌት ነገር ከተነሣ፥ ኮርቻና ልጓም ለሚያውቅ ሰው የሚገባውን አንድ ምሳሌ እንጨምራለን። ኤርሜስ የሚባለው ሌላው የፓሪስ ቤት በ1837 ዓ.ም. ሲመሠረት የሚሠራው የፈረስ ዕቃ ነበር። ዛሬም የቦርሳዎቹን ዋና ስፌት በኮርቻ ሰፊ ብልኃት በእጅ ይሰፋል፤ ይኸውም በአንድ ክር ሁለት ጫፍ ላይ ሁለት መርፌ አስገብቶ፥ ሁለቱን በአንዱ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ እያሳለፉ መስፋት ነው። ክሩ ባንዱ ስፍራ ቢበጠስ ሌላው ወገን ይይዛል እንጂ ስፌቱ በሙሉ አይተረተርም። የመኪና ስፌት ግን ሁለት ክር ተያይዞ የሚሄድበት ስለ ሆነ፥ አንዱ ሲበጠስ ሌላው ሊፈታ ይችላል። ስለዚህ የኤርሜስ ነው በተባለ ቦርሳ ላይ ዋናው ስፌት የመኪና ሆኖ ቢገኝ ጠርጥሩ። የእጅ ስፌት ጥቂት ዘንበል ይላል፤ ፍጹም ቀጥ ብሎ እንደ ማስመሪያ አይሄድም። ይህ የሠራተኛው እጅ ምስክር ነው።

አራተኛ፥ በቆዳ ላይ የታተመው ጽሕፈት። በቪቶን ማኅተም ኦ የሚባለው ፊደል ድብልብል ክብ ነው፥ እንደ እንቍላል አይሞልም፤ የኤል ፊደል እግር አጭር ነው፤ ሁለቱ ቲ ፊደሎች ሊነካኩ እስኪመስሉ ድረስ ይቀራረባሉ። ማኅተሙ ቀጭንና ጥርት ያለ ሆኖ ይገኛል፤ አስመሳዮች ግን አጥልቀው ስለሚያትሙ ፊደሉ ይወፍራል።

አምስተኛ፥ ናሱ። ቍልፉና ቀለበቱ በእጅ ሲመዘኑ ክብደት ይሰማባቸዋል፤ ጽሕፈታቸውም የተቀረጸ ነው። በጥፍር ሲነኩት የሚላጥ ወርቅማ ቀለም ግን ራሱን ያጋልጣል።

ስድስተኛ፥ በውስጥ የተሰወረው ቍጥር። ቪቶን ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2021 ዓ.ም. ድረስ በቦርሳዎቹ ውስጥ ዕቃው የተሠራበትን ስፍራና ጊዜ የሚናገር ፊደልና ቍጥር ያትም ነበር። ከ1990 እስከ 2006 ዓ.ም. በተሠሩት ላይ ከአራቱ ቍጥሮች አንደኛውና ሦስተኛው ወሩን፥ ሁለተኛውና አራተኛው ዓመቱን ያመለክታሉ። ለምሳሌ 0938 የሚል ቢገኝ፥ 03ኛው ወር፥ 98 ዓመት፥ ማለት መጋቢት 1998 ዓ.ም. ይሆናል። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ግን በወር ፈንታ ሳምንቱ ይቈጠራል። ይህን የማያውቅ አስመሳይ 1978 ብሎ ቢያትም፥ በቀድሞው ሥርዐት ሲነበብ 17ኛ ወር ይሆንበታል፤ እንዲህ ያለ ወር ደግሞ የለም። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ቍጥሩ ለየቦርሳው የተለየ ስላልሆነ፥ አዋቂ አስመሳይ ትክክለኛውን ቍጥር ሊቀዳ ይችላል። ስለዚህ የተሳሳተ ቍጥር ሐሰትን ይገልጣል፤ የተስተካከለ ቍጥር ብቻውን ግን እውነትን አያረጋግጥም። ከመጋቢት 2021 ዓ.ም. ወዲህ በቍጥሩ ፈንታ በዐይን የማትታይ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቅንጣት በውስጡ ትገባለች።

ሰባተኛ፥ ወረቀቱና ሻጩ። በየገበያው «ኦርጅናል መሆኑን የሚያረጋግጥ» የሚባል ካርድ ከቦርሳው ጋራ ይሰጣል፤ ቪቶን ግን እንዲህ ያለ ካርድ ከዕቃው ጋራ አይሰጥም። በእርሱ ላይ ተማምኖ መግዛት በሌባ ዋስትና ሌባን መልቀቅ ነው። ደግሞም ይህ ቤት በየጊዜው ዋጋ ቀንሶ የመሸጥ ልማድ የለውም፤ ስለዚህ «አዲስ ነው፥ በቅናሽ አገኘሁት» የሚል ሻጭ ከየት እንዳገኘው የገዛበትን ደረሰኝ ያሳይ።

ይህን ሁሉ ከጻፍን በኋላ አንድ እውነት መሰወር አይገባንም። በዛሬ ዘመን የአስመሳዮች ጥበብ እጅግ ስለ ረቀቀ፥ አንዳንዱን ሥራ ልምድ ያለው ሰው እንኳ በዐይኑ ብቻ ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ አንድ ምልክት አይቶ መፍረድ የሞኝ ፍርድ ነው። ምልክቶች እንደ ምስክሮች ናቸው፤ ሁሉም ተጠርተው፥ ቃላቸው መስማማቱና አለመስማማቱ ሊታይ ይገባል። ዋጋው የከበደ እንደ ሆነም፥ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ይህን ሥራ ሙያቸው ላደረጉ መርማሪዎች ማሳየት ይሻላል።

አሁን ወደ ወይዘሮዋ ቦርሳ እንመለስ። በጠረጴዛችን ላይ አኑረን፥ መስኮቱን ከፍተን፥ አንድ በአንድ መረመርነው። የፊቱ ሥዕል የተመዛዘነ ነው፤ በጀርባው እንደሚገባው ተዘቅዝቋል፤ ስፌቱ በአራቱም የእጀታ ሥር እኩል ሆኖ ተገኘ፤ ናሱም ይከብዳል። «አሜሪካ ተሠራ» የሚለውም አላሳፈረውም፤ ቪቶን በፈረንሳይ ብቻ ሳይሆን በእስጳኝ፥ በኢጣልያና በአሜሪካም ሥራ ቤቶች አሉትና። በውስጡ የታተመው ኤስ ዲ 2132 ነበር። ኤስ ዲ ከአሜሪካ ሥራ ቤቶች ምልክቶች አንዱ ነው፤ ቍጥሩም የ2012 ዓ.ም. 23ኛ ሳምንት ይላል። ምስክሮቹ ሁሉ ተስማሙ፤ አንድም የሚቃረን አላገኘንም።

ይህን ስንነግራቸው ወይዘሮዋ ደስ አላቸው፤ ወዲያው ግን ዝም ብለው እጀታውን ተመለከቱ። ወደ ማር መልክ የተለወጠውን ቆዳ እርሳቸው የመንገድ እድፍ መስሏቸው ነበር። «እንግዲያስ አዲስ አልነበረም ማለት ነው» አሉ። እኛም ያንን አላሰብነውም ነበር። የዚያኑ ማታ ልጃቸውን ጠየቋት፤ እርስዋም እያፈረች፥ አዲሱን ለመግዛት ገንዘቧ ስላልደረሰ፥ ብዙ ወራት አጠራቅማ ከአሮጌ ዕቃ መደብር በደረሰኝ እንደ ገዛችው፥ ያገለገለ ዕቃ ለእናት መላክ ነውር መስሏት እንደ ሰወረች ነገረቻቸው። እናትም፥ «ልጄ፥ እኔ የፈራሁት ሌላ ነበር፤ ይህስ ምን ነውር አለበት» ብለው መለሱላት። ደረሰኙም በማግሥቱ በፎቶግራፍ ደረሳቸው። በሚቀጥለው እሑድ ቦርሳውን ይዘው ሲወጡ አየናቸው።

ከዚህ በኋላ የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። የምትገዙ ሰዎች፥ ሻጩ ፊት ሳላችሁ መርምሩ፤ ከገዙ በኋላ መመርመር ጅብ ከሄደ በኋላ እንደ መጮህ ነው። ሐሰተኛ መሆኑን እያወቃችሁ የምትገዙ ደግሞ፥ በፈረንሳይና በኢጣልያ የመንገደኛ ሐሰተኛ ዕቃ እንደሚወረስና በባለቤቱም ላይ መቀጫ ሊፈረድ እንደሚችል እወቁ፤ ይልቁንም እውነተኛ ነው ብላችሁ ለወዳጅ አትስጡት፤ ውርደቱ የሚደርሰው በተቀባዩ ላይ ነውና። ስጦታ የምትልኩ ልጆች፥ ያገለገለ ዕቃ እንደ ሆነ በግልጥ ተናገሩ፤ ደረሰኙንም አብራችሁ ላኩ። ያገለገለ ዕቃ ሐሰተኛ ዕቃ አይደለም።

በሰው ማዕድ ተቀምጠው በሰው ዕቃ የሚፈርዱ ሰዎችም የጠገራ ብሩን ነገር ያስታውሱ። አባቶቻችን 9ኙን ሉል ሳይቈጥሩ ብሩን አይመልሱም ነበር፤ ሲመልሱትም በዝግታ ለባለቤቱ እጅ ነበር። ቦርሳው ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ፥ ኀፍረቱ የሻጩ ነው እንጂ በቅን ልብ ገዝታ ለእናቷ የላከች ልጅ አይደለም። የሚጠራጠር ሰው ለብቻ ጠርቶ ይጠይቅ፤ የማያውቅ ሰው ዝም ይበል። የቀረውን ጊዜ ይገልጠዋል፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና።